ኮከቡ ከመሞቱ በፊት ማን አየው?

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይላል ያገራችን ሰው። አህያይቱ ከተበላች በኋላ የሚሰማ ጩኸት ምን ይፈይዳል ለማለት ነው። ስለ ከዋክብት ሞት ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ ይህ ተረት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የሰው ልጅ የግዙፍ ከዋክብትን ሞት ሲመለከትና ሲጽፍ የኖረው ሁልጊዜ ጅቡ ከሄደ በኋላ ነበርና። ኮከቡ ፈንድቶ ብርሃኑ ሲመጣ ይደነግጣል፤ ይጽፋል፤ ይተነብያል። ኮከቡ ከመፈንዳቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበረ፣ የመጨረሻ ዘመኑን እንዴት እንዳሳለፈ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ወደዚህ ነገር የመራኝ የእህቴ ልጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. በየካቲት ወር መግቢያ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ስለጨለመ ሰማዩ እንደ ድሮው የገጠር ሰማይ ሆኖ ነበር።

“ጋሼ፣ ቢቴልጁዝ የሚባል ኮከብ ሊፈነዳ ነው እያሉ ነው፤ የቱ ነው?” አለኝ።

በመደዳ የተሰለፉትን 3 ከዋክብት አሳየሁትና ከእነርሱ በስተሰሜን ያለውን ቀላ ያለ ኮከብ ጠቆምሁት። በእርግጥም ደብዝዟል። ከሦስቱ በስተደቡብ ካለው ነጭ ኮከብ ጋር ሲተያይ የታመመ ይመስላል።

“መቼ ነው የሚፈነዳው?”

“ነገም ሊሆን ይችላል፤ ከ1 መቶ ሺህ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል።”

“እስኪፈነዳ ድረስ ታዲያ ምኑን ነው የሚያጠኑት?”

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ ያልመለስሁለት መልስ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

*

በ1054፣ ጁላይ 4 ቀን፣ የቻይና ንጉሠ ነገሥት የሰማይ ተመልካቾች ከዚያ በፊት ያልነበረ ኮከብ አዩ። “እንግዳ ኮከብ” ብለው መዘገቡት። ለ23 ቀናት በጠራራ ፀሐይ ይታይ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ለ2 ዓመት ያህል ታይቶ ጠፋ። እነዚህ ሰዎች ሰማዩን የሚጠብቁት ለሳይንስ ብለው አልነበረም። በሰማይ የሚታይ ምልክት የንጉሡን ዕጣ ይናገራል ተብሎ ስለሚታመን ደመወዝ ተቆርጦላቸው የሚሠሩ የቤተ መንግሥት ሹማምንት ነበሩ። ይሁንና ቀኑንና ቦታውን በትክክል ጻፉ።

ከ7 መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1758፣ ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲየ ጅራታም ኮከብ ሲፈልግ በዚያው አካባቢ ጉም የመሰለ ነገር አጋጠመውና በዝርዝሩ ቁጥር 1 ላይ አሰፈረው። ዛሬ የሸርጣን ደመና የሚባለው ይኸው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በተለያዩ ዓመታት የተነሡ ፎቶግራፎች ሲነጻጸሩ ደመናው እየሰፋ መሄዱ ታወቀ። የሚሰፋበት ፍጥነት ወደ ኋላ ሲሰላ ከ9 መቶ ዓመታት ገደማ በፊት ከአንድ ነጥብ ተነሥቷል። በ1928 ኤድዊን ሐብል ደመናውን ከ1054ቱ እንግዳ ኮከብ ጋር አገናኘው። በ1968 ደግሞ በደመናው መሐል በሴኮንድ 30 ጊዜ የሚሽከረከር፣ የሞተው ኮከብ ቅሪት የሆነ እጅግ ትንሽና እጅግ ከባድ አካል ተገኘ።

እንግዲህ የቻይናዎቹ መዝገብ የአንድ ኮከብ የሞት ምስክር ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ሟቹ ግን ማን ነበር? ምን ያህል ክብደት ነበረው? ከመሞቱ በፊት ታሞ ነበር ወይስ ድንገት ነው የወደቀው? በሞት ምስክር ወረቀት ላይ የሕይወት ታሪክ አይጻፍም።

*

ከመዝገብ ያልተገኘውን ሰዎች በስሌት መፈለግ ጀመሩ። በ1934 ዋልተር ባደ እና ፍሪትዝ ዝዊኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኒውትሮን የተባለችው ቅንጣት ከተገኘች ገና 2 ዓመቷ ሳለ፣ ሱፐርኖቫ የሚባለው ፍንዳታ ተራ ኮከብ ወደ ኒውትሮን ኮከብ የሚለወጥበት መንገድ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1957 ደግሞ ማርጋሬት በርቢጅ፣ ባሏ ጆፍሪ በርቢጅ፣ ዊሊያም ፋውለርና ፍሬድ ሆይል ኮከብ በሆዱ ውስጥ ንጥረ ነገሮችን እንዴት እንደሚያበስል በአንድ ትልቅ ጽሑፍ አብራሩ።

ነገሩን በኛ ጉልቻ ልግለጸው። ኮከብ በሁለት ኃይሎች መካከል የቆመ ነገር ነው። የራሱ ስበት ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል፤ በመሐሉ የሚነደው እሳት ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል። እሳቱ እስካለ ይቆማል። የመጀመሪያው ማገዶ ሃይድሮጂን ነው፤ አመዱ ሂሊየም ይባላል። ማገዶው ሲያልቅ መሐሉ ይጨመቅና ይግላል፤ ያን ጊዜ አመዱ ራሱ ማገዶ ሆኖ መንደድ ይጀምራል። የሂሊየም አመድ ካርቦንና ኦክሲጅን ነው። ካርቦኑ በተራው ይነዳል፤ ቀጥሎ ኒዮን፣ ቀጥሎ ኦክሲጅን፣ ቀጥሎ ሲሊከን። የአንዱ አመድ ለሌላው ማገዶ እየሆነ ይሄዳል። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን አብዛኛው በእንዲህ ያሉ ግዙፍ ከዋክብት ሆድ ውስጥ የበሰለ ነው።

የሚያስደነግጠው ፍጥነቱ ነው። ከፀሐይ 25 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ብንወስድ፣ በስሌቱ መሠረት ሃይድሮጂኑን ለማንደድ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ሂሊየሙን ከ5 መቶ ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ካርቦኑ 6 መቶ ዓመት ገደማ፣ ኒዮኑ 1 ዓመት ገደማ፣ ኦክሲጅኑ ግማሽ ዓመት ያህል ይቆያሉ። ሲሊከኑ የሚያልቀው በ1 ቀን ነው! ምክንያቱም ከካርቦን ጀምሮ ኒውትሪኖ የሚባሉ፣ ማንም የማያግዳቸው ቅንጣቶች ሙቀቱን ይዘው በቀጥታ ወደ ውጭ ያመልጣሉ። ቤቱ ሙቀት በሚያፈስ ቁጥር ለመቆም ሲል ማገዶውን አብዝቶ ይማግዳል።

የመጨረሻው አመድ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ አይነድም። ምድራችንን የሚያክለው የብረት እምብርት ክብደቱ ከልክ ሲያልፍ ከ1 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ተደርምሶ የአንድ ከተማ ስፋት ወዳለው ኳስ ይጨመቃል። ከዚህ መደርመስ የሚወጣው ኃይል ነው የቀረውን የኮከቡን አካል የሚበትነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይህ ሩጫ የሚካሄደው በእምብርቱ ውስጥ ነው። ከላይ ያለው ገላ እጅግ ሰፊ ስለሆነ የውስጡ ወሬ ቶሎ አይደርሰውም። እልፍኙ በእሳት ሲጋይ ጣሪያው ላይ ጭስ የማይታይበት ቤት ማለት ነው። ስሌቱን ከእውነተኛ ኮከብ ጋር ለማስተያየት፣ ሳይፈነዳ የታየና የተጻፈ አንድ ኮከብ ያስፈልግ ነበር።

*

እዚህ ላይ ኒኮላስ ሳንዱሊክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ይመጣል። ሳንዱሊክ በ1960ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ሰማይ ታላቁ የማጄላን ደመና በተባለው ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ ያሉትን ደማቅ ከዋክብት በፎቶግራፍ እየለየ ይመዘግብ ነበር። ከ1 ሺህ በላይ ከዋክብትን ዘረዘረ። ከእነርሱ አንዱ፣ በ69ኛው የደቡብ ዲግሪ መደብ ተራ ቁጥር 202 የተሰጠው፣ ሰማያዊ ግዙፍ ኮከብ ነበር። ምንም የተለየ ነገር አልተነገረለትም። ቁጥር ነው፤ ቦታ ነው፤ ዓይነት ነው፤ አለቀ።

ይህን ሳነብ አባቴን አስታወሰኝ። አባቴ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጓሮው ውስጥ ጣሳ ያስቀምጥና ዝናብ በጣለ ቁጥር በማስመሪያ ለክቶ በደብተር ይጽፍ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለውም። “ለምንድን ነው?” ስንለው “ይጻፍ፣ ምን ይጎዳል” ነበር መልሱ። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

በፌብሩዋሪ 1987፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን ማታ፣ ኢያን ሼልተን የሚባል ካናዳዊ ወጣት ቺሊ ውስጥ ባለው የላስ ካምፓናስ ተራራ ላይ በአንድ አሮጌ ቴሌስኮፕ ታላቁን የማጄላን ደመና ፎቶግራፍ እያነሣ ነበር። ሌሊቱ ሲጋመስ ነፋስ የጣሪያውን መክፈቻ ዘጋበትና ሥራውን አቁሞ ፎቶውን ሊያጥብ ገባ። መስታወቱ ላይ መኖር የማይገባው ትልቅ ነጥብ አየ። የመስታወቱ ጉድለት ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ግን ወጥቶ በዓይኑ አየው። ወደ ሌላው ቴሌስኮፕ ሄዶ ለባልደረቦቹ ሲነግር ኦስካር ዱሃልዴ የተባለው ቺሊያዊ ሠራተኛ “እኔም ቀደም ብዬ ወጥቼ አይቼዋለሁ” አለ። ለሰው መናገሩን ግን ዘንግቶት ነበር። ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ አልበርት ጆንስ የሚባል፣ ዕድሜውን በሙሉ ከዋክብትን ለደስታው ሲመለከት የኖረ ሰው በራሱ ጊዜ አገኘው። በዓይን የሚታይ ሱፐርኖቫ ከ1604 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የዓለም ተመራማሪዎች በሙሉ ወደ ቤተ መዛግብት ሮጡ። ፍንዳታው በታየበት ቦታ ላይ ከዚያ በፊት ምን ነበር? የሳንዱሊክ ቁጥር 202! ለመጀመሪያ ጊዜ የሟቹ ስም ታወቀ። ነገር ግን ወዲያው ግራ መጋባት መጣ። መማሪያ መጻሕፍቱ የሚሉት ግዙፍ ኮከብ የሚፈነዳው አብጦ ቀይ ከሆነ በኋላ ነው፤ የሳንዱሊክ ኮከብ ደግሞ ሰማያዊ ነው። በጠፈር ላይ የነበረው የአልትራቫዮሌት መመልከቻ ሳተላይት መረጃም መጀመሪያ ሲታይ ሰማያዊው ኮከብ አሁንም በቦታው ያለ አስመሰለ። የሞተው ሌላ ነው ያሉም ነበሩ። በኋላ ነገሩ ሲጣራ ሳተላይቱ ያያቸው ሁለት ጎረቤት ከዋክብት ኖረዋል፤ የሳንዱሊክ ኮከብ ግን የለም። የተሳሳተው መዝገቡ ሳይሆን መማሪያ መጽሐፉ ነበር።

ሳንዱሊክ ይህን ለማየት በቅቷል። በ1990 ነው ያረፈው።

*

ከብርሃኑ የቀደመ መልእክተኛም ነበር። ጃፓን ውስጥ በካሚዮካ ማዕድን ጉድጓድ፣ ከምድር በታች 1 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ 3 ሺህ ቶን ያህል ንጹሕ ውሃ የያዘ ገንዳ ነበር። የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ፕሮቶን የተባለችው ቅንጣት ትፈርስ እንደሆነ ለማየት። ፕሮቶኗ አልፈረሰችም። የቡድኑ መሪ ማሳቶሺ ኮሺባ ገንዳው እንዲሻሻልና ከፀሐይ የሚመጡ ኒውትሪኖዎችን እንዲይዝ አደረገ። ሥራው ተጠናቅቆ መመዝገብ የጀመረው በ1987 መግቢያ ላይ ነው፤ ኮሺባ በዕድሜ ጡረታ የሚወጣው ደግሞ በዚያው ዓመት በማርች ነበር።

በዚህች ጠባብ ጊዜ መካከል፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኞ የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ35 ላይ፣ የኮከቡ እምብርት ሲደረመስ የወጡት ኒውትሪኖዎች 1 መቶ 68 ሺህ ዓመት ያህል ተጉዘው ምድርን አቋረጡ። የካሚዮካው ገንዳ 11 ያዘ። አሜሪካ ውስጥ ኦሃዮ ባለ የጨው ማዕድን ጉድጓድ የነበረው ሌላ ገንዳ 8፣ በካውካሰስ ተራራ ሥር በባክሳን የነበረው 5 መዘገቡ። በድምሩ 24 መሆናቸው ነው። በእያንዳንዷ ካሬ ሳንቲ ሜትር ያለፉት ግን ከ10 ቢሊዮን በላይ ነበሩ። ያን ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ በቢሮ፣ በገበያ፣ በትምህርት ቤት የነበረ ሰው ሁሉ የዚያ ኮከብ ሞት በገላው ውስጥ አልፎበታል። እኔም አንዱ ነኝ። ምንም አልተሰማኝም።

የመሣሪያዎቹን ሁኔታ ላየ ሰው ደግሞ ያስገርመዋል። የካሚዮካው ሰዓት እስከ 1 ደቂቃ ሊሳሳት የሚችል ነበር። የኦሃዮው ገንዳ በኤሌክትሪክ ብልሽት ምክንያት ከብርሃን ተቀባይ ዓይኖቹ አንድ አራተኛው ያህል አይሠሩም ነበር። አልበርት ጆንስ ደግሞ ኒውትሪኖዎቹ ካለፉ ከ2 ሰዓት ያህል በኋላ ያንኑ የሰማይ ክፍል ተመልክቶ ምንም አዲስ ነገር አላየም፤ አለማየቱንም ሰዓቱን ጠቅሶ መዝግቧል። ከዚያ በኋላ 1 ሰዓት ከሩብ እንኳ ሳይሞላ አውስትራሊያ ውስጥ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ግን ብርሃኑ አለ። ስለዚህ ብርሃኑ መቼ ብቅ እንዳለ እናውቃለን። አንድ ሰው “አላየሁም” ብሎ በትጋት ስለጻፈ! በ2002 ኮሺባ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

*

ከዚያ ወዲህ የአሠራሩ ዘዴ ተለወጠ። ጥያቄው ኮከብ ሲፈነዳ ማየት ብቻ መሆኑ ቀርቶ “በፊት ፎቶግራፍ አንሥተነው ነበርን?” ሆነ። ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ለሌላ ለሌላ ጉዳይ ያነሣቸው የጋላክሲዎች ፎቶግራፎች የከዋክብት አልበም ሆኑ። ሰው ሲያርፍ የመጨረሻ ፎቶውን ፍለጋ ሳጥን እንደምንገለብጠው ዓይነት ነው። ስቲቨን ስማርትና ባልደረቦቹ ለ10 ዓመት ያህል እንዲህ ሲገለብጡ ቆይተው በ2009 ውጤቱን አሳተሙ። አብዛኞቹ ሟቾች እንደተባለው ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ናቸው፤ ክብደታቸውም ከፀሐይ 8 እጥፍ ገደማ ይጀምራል። ነገር ግን ከ17 እጥፍ ገደማ በላይ የሆኑት ከሟቾቹ መካከል የሉም! በሰማይ ላይ እንዲህ ያሉ ቀይ ከዋክብት እንዳሉ ይታወቃል። ታዲያ እነርሱ እንዴት ነው የሚሞቱት?

አንዱ ግምት ሳይፈነዱ፣ ያለ ለቅሶና ያለ ቀብር፣ ወደ ጥቁር ጉድጓድ ይሰምጣሉ የሚል ነው። ይህን ለመፈተን ክሪስቶፈር ኮቻኔክና ባልደረቦቹ በ2008 አንድ እንግዳ ሐሳብ አመጡ። በአቅራቢያችን ባሉ ጋላክሲዎች ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ግዙፍ ከዋክብትን በየጊዜው ፎቶ እያነሡ፣ ማን እንደፈነዳ ሳይሆን ማን እንደጠፋ መቁጠር። መምህር ተማሪዎቹን ስም እየጠራ ቀሪውን እንደሚያውቀው ማለት ነው። አንድ ኮከብ “አቤት” ሳይል ቀረ። በ2009 ጥቂት ደመቅ ብሎ በ2015 ከዓይን የጠፋ ነው። በኋላ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በቦታው የሙቀት ጨረር ስላገኘ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል ወይስ በአቧራ ተጋርዷል የሚለው ክርክር አላለቀም። ክርክሩ ሊኖር የቻለው ግን ስሙ አስቀድሞ በመዝገብ ላይ ስለነበረ ነው።

ከዋክብት ሳይሞቱ በፊት ምልክት ይሰጡ እንደሆነም መታየት ጀምሯል። በ2020 ሃዋይ ላይ ያለ፣ ሰማዩን በየጊዜው የሚቃኝ ቴሌስኮፕ አንድ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ከወትሮው ደምቆ አየ፤ ከ130 ቀናት ያህል በኋላ ኮከቡ ፈነዳ። በጸጥታ ይሞታሉ ይባል የነበረው ሁሉ እንደገና እንዲታሰብ ሆነ። በሜይ 2023 ደግሞ ኮይቺ ኢታጋኪ የተባለ ጃፓናዊ አማተር በቅርብ ጋላክሲ ውስጥ ሱፐርኖቫ ሲያገኝ፣ ተመራማሪዎች የዓመታት ፎቶግራፎችን መልሰው አዩ። ሟቹ በአቧራ ተሸፍኖ፣ በ3 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እየደመቀና እየደበዘዘ ሲተነፍስ ኖሯል። የመጨረሻ ዓመታቱ ሁሉ ፊልም ላይ ነበሩ፤ ያኔ ልብ ያላቸው ግን አልነበረም።

*

አሁን ወደ ቢቴልጁዝ ልመለስ። የእህቴ ልጅ እንዳለው ተፈነዳ፣ አልተፈነዳ ሲባል ኮከቡ ከፌብሩዋሪ 2020 በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ድምቀቱ ተመለሰ። ምን ነክቶት ነበር? ተመራማሪዎች መልስ ያገኙት ከመደብዘዙ በፊት፣ በጃንዋሪ 2019፣ በቺሊ ባለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ የተነሣ ጥርት ያለ ምስል ስለነበራቸው ነው። በፊትና በኋላ ሲተያይ፣ ኮከቡ ከገላው ጋዝ ተፍቶ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ወደ አቧራነት ተለውጦ ፊቱን እንደጋረደው ተረዱ። ይህን ያጠናከረው ሌላ ምስክር ደግሞ ፈጽሞ ያልተጠበቀ ነበር። ሂማዋሪ 8 የተባለው የጃፓን የአየር ጠባይ ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ደመናና ዝናብ ለማየት ምድርን ፎቶ ሲያነሣ፣ በምድር ጠርዝ በኩል የሚያልፈውን ቢቴልጁዝንም ከ2017 ጀምሮ ሳያውቀው ሲመዘግብ ኖሯል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በ2022 የጀርመኑ ራልፍ ኖይሆይዘርና ባልደረቦቹ የጥንት መጻሕፍትን ገለበጡ። ከ2 ሺህ 1 መቶ ዓመት በፊት የነበረው ቻይናዊው ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን የከዋክብትን ቀለም ሲያስረዳ ቢቴልጁዝን ለቢጫ ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ሮማዊው ሂጊኑስም ቀለሙን ከሳተርን ጋር ያመሳስለዋል። ሁለቱ የተለያየ ዓለም ሰዎች ናቸው። ዛሬ ግን ኮከቡ ቀይ ነው። እንግዲህ ቢቴልጁዝ በሰው ልጅ የጽሑፍ ዘመን ውስጥ ከቢጫነት ወደ ቀይነት አልፏል ማለት ነው ይላሉ። ከዚህ ተነሥተው ክብደቱን ከፀሐይ 14 እጥፍ ገደማ፣ ለመፈንዳት የቀረውንም 1 ሚሊዮን ተኩል ዓመት ያህል ብለው ገምተዋል። ግምቱን የማይቀበሉ አሉ። እኔን የሚደንቀኝ ግን በብራናና በቀርከሃ ላይ የተጻፈ አንድ የቀለም ስም፣ ዛሬ በኮምፒዩተር ለሚሠራ ስሌት ግብዓት መሆኑ ነው።

ዛሬ ከምድር በታች ያሉት የጃፓን የኒውትሪኖ ገንዳዎች የማስጠንቀቂያ ደወል ተበጅቶላቸዋል። ቢቴልጁዝን ያህል ቅርብ የሆነ ኮከብ የመጨረሻ ማገዶውን ሲሊከኑን ማንደድ ሲጀምር፣ የሚወጡትን ኒውትሪኖዎች ለይተው ከመፈንዳቱ ሰዓታት በፊት ይነግሩናል። ውሻው ጅቡ ሳይመጣ ሊጮህ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

*

ስለ አባቴ ደብተር እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

አባቴ ያረፈው በ1986 ዓ.ም. ነው። ከአርባው በኋላ ቤቱን ስናጸዳ ከ20 የሚበልጡ ደብተሮች ወጡ። ሁሉም ዝናብ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የውሃው ልክ። ያልዘነበበትም ቀን “የለም” ተብሎ ተጽፏል። ምን እናድርገው ተባባልን። ማዶ ያለው ባለሱቅ ለስኳርና ለጨው መጠቅለያ ወረቀት ይፈልግ ስለነበረ ሰጠነው። ከአባቴ የዝናብ መዝገብ ውስጥ ለጥቂት ወራት ስኳር እየተጠቀለለ መጣልን።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ 1977 ዓ.ም. ድርቅ የሚያጠና አንድ ወጣት አገኘሁ። በዚያ አካባቢ ከድርቁ በፊት የነበሩት ዓመታት ዝናብ እንዴት ይጥል እንደነበረ በቀን በቀን የተጻፈ ነገር ፈልጎ አጥቷል። “ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ነው ያደጉት፤ የሚያስታውሱት አለ?” አለኝ። ትዝ የሚለኝ የጣሳው ድምፅ ብቻ ነው። ከመከራው በፊት ምልክት ነበረን? ዝናቡ እየቀነሰ ነበር የመጣው ወይስ ድንገት ነው የቀረው? መልሱ በእጃችን ነበር፤ ስኳር ጠቀለልንበት።

“እስኪፈነዳ ድረስ ምኑን ነው የሚያጠኑት?” ላለኝ ልጅ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። ምንም የማይሆነውን ቀን ነው የሚጽፉት። ሳንዱሊክ ቁጥር 202ን ሲጽፍ፣ ሲማ ቺየን “ቢጫ” ሲል፣ ጆንስ “አላየሁም” ሲል፣ ጥቅሙ ምን እንደሆነ አንዳቸውም አላወቁም። ጥቅሙን የሚያውቀው የሚመጣው ሰው ነው። የኛ ድርሻ መጻፍና ያጻፉትን አለመጣል ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን አድጓል። ባለፈው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ትንሽ ደብተር ከኪሱ አወጣ። ከዚያ መብራት ከጠፋበት ምሽት ጀምሮ፣ ሰማዩ በጠራ ቁጥር፣ የቢቴልጁዝን ድምቀት ከጎረቤቶቹ ጋር እያስተያየ ይጽፋል። ደመና በሆነበት ቀን “አልታየም” ይላል።

ደብተሩን አገላብጬ መለስሁለትና አንድ ነገር ብቻ አልሁት። “ለባለሱቅ እንዳትሰጠው።”